ሂሎ ገበያ ላይ ኦርጋኒክ ምርት እንዴት እንደምገዛ

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ዘንቢሌን ይዤ ሂሎ ገበያ እደርሳለሁ። ከዚያ ከዘገየሁ ጥሩ ጥሩው ቅጠል አልቆ ይጠብቀኛል። ገበያው በሃዋይ ትልቁ ደሴት፣ በሂሎ ከተማ፣ በካሜሃሜሃና በማሞ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጥቂት ገበሬዎች የጀመሩት ሲሆን ዛሬ ዋና ቀኖቹ ረቡዕና ቅዳሜ ናቸው።

መጀመሪያ ምንም ሳይገዙ አንድ ጊዜ ይዙሩ። ሻጩ ሁሉ ገበሬ አይደለም፤ ከሌላ ተረክቦ የሚሸጥም አለ። እኔ የምለየው በጥያቄ ነው፦ «የት ነው የሚያመርቱት? አረሙን በምን ይከላከላሉ?» ያመረተ ሰው ወሬው አያልቅም፤ የሰፈሩን ስም፣ ያስቸገረውን ተባይ፣ ያለፈውን ሳምንት ዝናብ ይነግርዎታል። በዕድሜ የገፉትን «አንቲ»፣ «አንክል» ብለው ይጥሩ፤ እኛ እትዬና ጋሼ እንደምንለው ነው።

ኦርጋኒክ የሚለው ቃል በአሜሪካ ሕግ አለው። ማሳው የተከለከለ ኬሚካል ሳይነካው 3 ዓመት ማለፍ አለበት። በዓመት ከ5,000 ዶላር ያልበለጠ ኦርጋኒክ ምርት የሚሸጥ ገበሬ ግን ሕጉን እስካከበረ ድረስ ያለ ምስክር ወረቀት በቃሉ መጠቀም ይችላል፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርን ክብ የኦርጋኒክ ማኅተም ብቻ አይለጥፍም። ስለዚህ ማኅተም የሌለውን ሁሉ አይጠርጥሩ። እኔ ከማምናቸው ሻጮች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

ፓፓያ ላይ ሲደርሱ የዝርያውን ስም ይጠይቁ። የሃዋይ ፓፓያ አብዛኛው «ሬይንቦው» የተባለው፣ ዘረመሉ የተለወጠ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቫይረስ በዚሁ ደሴት ያለውን የፑና ወረዳ የፓፓያ እርሻዎች ሊያጠፋ ሲቃረብ፣ ሬይንቦው በ1998 ለገበሬው የተሰጠ ሲሆን ብዙ ቤተሰብ ከኪሳራ አድኗል። አልነቅፈውም፤ ነገር ግን በሕጉ ኦርጋኒክ ሊባል አይችልም። ስያሜውን የሚያከብር ሻጭ «ካፖሆ ሶሎ» ወይም ሌላ ያልተለወጠ ዝርያ መሆኑን ይነግርዎታል።

አሁን ትልቁ ጉዳይ፣ ቅጠላ ቅጠል። በዚህ ደሴት የአይጥ የሳንባ ትል የሚባል ጥገኛ ተውሳክ አለ። ከአይጥ ወደ ቀንድ አውጣና ቅርፊት ወደሌለው ዘመዱ ይተላለፋል፤ ሰው ደግሞ ሰላጣ ላይ የተለጠፈ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ቀንድ አውጣ ሳያውቅ ሲውጥ ይያዛል። ትሉ ወደ አንጎል ሄዶ ከባድ ሕመም ያስከትላል። ምርቱ ኦርጋኒክ መሆኑ ከዚህ አያድንም። የሰላጣውን ቅጠሎች አንድ በአንድ ያለያዩ፤ እያንዳንዱን ቅጠል በሁለቱም በኩል በሚፈስ ውኃ ስር በጣትዎ እያሹ ይጠቡ፤ ከዚያም ብርሃን ላይ ይዩት። ኮምጣጤና ጨው ትሉን ይገድላሉ ብለው አይተማመኑ። የሚያስተማምነው በደንብ ማብሰል ነው። እኔ ለልጆች ጥሬ ቅጠል አልሰጥም፤ ጎመኑን እንደ አገር ቤት አብስዬ ነው የማቀርበው።

ካሎ ብለው የሚሸጡት የእኛው ጎደሬ ነው። መጀመሪያ የገዛሁትን ቸኩዬ ሳይበስል ቀመስኩትና ጉሮሮዬ ሲያሳክከኝ አመሸ። ሥሩንም ቅጠሉንም ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይቀቅሉ።

ራምቡታን ጸጉሩ ያልጠቆረውን ይምረጡ። አናናስ ከሆነ ነጩን ይሞክሩ፤ ኮምጣጣነቱ አነስተኛ ነው።

ችግኝ ከገዙ ወዲያው ወደ ግቢ አያስገቡት። በደሴቱ ላይ ቅንጣት የምታክል፣ ንድፊያዋ የሚያቃጥል ቀይ ጉንዳን ተስፋፍታለች። በቀጭን እንጨት ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ ስስ አድርገው ቀብተው ችግኙ ያለበት ማሰሮ ውስጥ ይሰኩና አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ጉንዳኗ እንጨቱ ላይ ከወጣች ችግኙን ከነአፈሩ በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቀው ይሰሩ፤ ለሻጩም ሳይዘገዩ ይንገሩት፤ የቀረው ችግኙም ሳይያዝ አይቀርም።