የጃፓንን የትምህርት ቤት ስፖርት ቀን ጨዋታዎች ከተማሪዎቹ ለመማር

በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ ወይም በፒያሳ አካባቢ የሚያስተምር የስፖርት መምህር በጃፓን ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የሚካሄደውን «ኡንዶካይ» የተባለ የስፖርት ቀን ለተማሪዎቹ ማስተዋወቅ ቢፈልግ፣ ከሁሉ የተሻለ አስረጂ የሚሆነው በዕለቱ ራሱ የተሰለፈ ተማሪ ነው። የጨዋታው ደንብ ተጽፎ ይገኛል፤ ገመዱን ማን እንደሚዘረጋ፣ ነጥቡን ማን እንደሚቆጥር፣ ሜዳውን ማን እንደሚያጸዳ አጣርቶ የሚናገረው ግን የተጫወተው ልጅ ነው።

ጃፓናዊ ተማሪ በእንግድነት ሲመጣ ወይም በቪዲዮ ሲገኝ ጥያቄዎቹን ልጆቹ ራሳቸው ያዘጋጁ። «የስፖርት ቀናችሁ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ አጭር መልስ ብቻ ስለሚያስገኝ፣ «ቀይ ነበርክ ወይስ ነጭ? ከውድድሩ ውጪ የተሰጠህ ሥራ ምን ነበር?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ተማሪዎቹ ቀይና ነጭ በተባሉ ሁለት ቡድኖች ይከፈላሉ፤ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጃፓን ውስጥ የተዋጉት የሄይኬና የጌንጂ የጦረኛ ቤተሰቦች ዓርማ ቀይና ነጭ ስለነበር፣ የቡድኖቹ ቀለም ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ ዕቃ በማቅረብና በድምፅ ማጉያ በማስተዋወቅ ዝግጅቱን ስለሚያግዙ፣ ስለ ሥራ የሚቀርበው ጥያቄ ብዙ ያናግራል።

ወሬው ሲያበቃ እንግዳው ተነሥቶ ያሳይ። እኔ የምመርጠው መጀመሪያ «ታማይሬ» የተባለውን ነው፤ ምክንያቱም ጠባብ ግቢ ይበቃዋል፣ ሩጫ የማይሆንለትም ልጅ እኩል ይሳተፍበታል። ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ጫፍ ላይ ቅርጫት ይታሰራል፤ ከልብስ ሰፊ የተገኘ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰጋቱራ ተሞልቶ ይሰፋና የቡድኑ ኳሶች ይሆናሉ። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም መሬት ላይ የተበተኑትን እያነሡ ወደ ቅርጫቱ ይወረውራሉ፣ ሰዓቱ ሲያበቃም ባሉበት ይቀመጣሉ። ዋናው ውበት ቆጠራው ላይ ነው፤ ከየቡድኑ አንድ ሰው ኳሶቹን በአንድ ጊዜ አንድ አንድ እያወጣ ወደ ላይ ሲወረውር፣ ተመልካቹም ተጫዋቹም በአንድ ድምፅ «አንድ! ሁለት!» እያለ ይቆጥራል፣ ኳሱ ቀድሞ ያለቀበትም ቡድን ይሸነፋል። ልጆቹ ቁጥሩን በጃፓንኛ «ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን» እያሉ ቢቆጥሩ እንግዳው በደስታ ያርማቸዋል።

ገመድ ጉተታን ልጆቻችን ስለሚያውቁት ብዙ ማስረዳት አያሻም። «ኪባሰን» ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሦስት ልጆች አንዱን ተሸክመው የተቃራኒውን ኮፍያ የሚነጥቁበት በመሆኑ፣ በጃፓንም በአደጋ ስጋት የተዉት ትምህርት ቤቶች አሉ። ሲሚንቶ በተነጠፈበት ግቢ ፈጽሞ አይሞከር፤ በቃል ማስረዳቱ ይበቃል።

ጨዋነቱ ተማሪ ብቻ ሆኖ መቅረትን አይፈቅድምና ለእንግዳውም የምንነግረው ይኑረን። አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ማሸነፉን፣ ጃፓንም የዚያኑ ኦሊምፒክ መክፈቻ ለማሰብ ከሁለት ዓመት በኋላ የስፖርት ቀንን ብሔራዊ በዓል ማድረጓን ማንሣት ሁለቱን ወገን ያቀራርባል። በጃን ሜዳ ስለሚታየው የገና ጨዋታም በዱላና በእሩር ማሳየት ይቻላል።

የልምምዱን ቀን ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ ከኅዳር ጀምሮ ማድረግ ይመረጣል። ልምምዱ በስልክ ተቀርጾ ለጃፓናዊው ተማሪ ይላክ፤ እርማቱ ከደረሰ በኋላ ዋናው ቀን ይቆረጥ።