ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ የአንጎልና የአከርካሪ ነርቭ በሽታ) ካለባችሁ ስለ ኢንዶቴሊን ስትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ?

ኢንዶቴሊን-1 የደም ሥር የውስጥ ግድግዳ የሚሠራው ትንሽ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ነው፤ 21 አሚኖ አሲድ ብቻ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ነው ያገኙት። ሥራው ደም ሥርን ማጥበብ ነው፤ በዚህ ደግሞ ኃይለኛ ነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ ባለበት ሰው አንጎል ውስጥ፣ ቁስሉ ላይ ያሉ አስትሮሳይት የሚባሉ ሴሎችም ያመነጩታል፤ ወደ አንጎል የሚሄደውም ደም ይቀንሳል። በ2013 የብራስልስ ተመራማሪዎች ኢንዶቴሊንን የሚያግደውን ቦሴንታን ሰጥተው በኤምአርአይ ሲለኩ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ፍሰት ወደ ጤነኛ ሰው መጠን ተጠጋ።

እዚህ ላይ ቀዝቀዝ በሉ። ፍሰቱ ጨመረ እንጂ በሽታው ለቀቀ አልተባለም። ቦሴንታን የሳንባ ደም ሥር ግፊት መድኃኒት ነው። ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል በየወሩ ምርመራ ይፈልጋል፣ ለነፍሰ ጡርም ክልክል ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጋ ደውሎ «ፈልግልኝ» ማለት አያዋጣም። የጀመራችሁትን የኤምኤስ መድኃኒትም እንዳታቋርጡ።

በእጃችሁ ያለው ይሄ ነው፦ ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል አስለኩ፤ የደም ሥር ችግር ሲደረብ ኤምኤስ ይከፋል። ሲጋራ ካለ ዛሬውኑ ይቁም፣ ለደም ሥርም ለነርቭም ጠላት ነው።

ቀጥሎ ብርዱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ምን እንደምትመስል ለእናንተ አልነግርም። ብርድ ደም ሥርን ያጠባል፣ ኤምኤስ ያለበት ሰው እግር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ በረዶ ነው። ድርብ ካልሲ አድርጉ፣ የመንዝ ባና ጣል አድርጉበት። ከሰል ምድጃ አጠገብ ግን እግር አትዘርጉ! የደነዘዘ እግር መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳው ካበጠ በኋላ ነው። የእግር መታጠቢያውን ውሃም ሌላ ሰው በክርኑ ይሞክርላችሁ።

ሙቀቱ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ዓይን ሊደበዝዝ፣ እግር ሊከብድ ይችላል፤ ሙቀት የተጎዳውን ነርቭ መልእክት ስለሚያዘገይ ነው። ጥላ ፈልጉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጡ፣ እርጥብ ጨርቅ አንገት ላይ አድርጉ። ሰውነታችሁ ቀዝቅዞ፣ ትኩሳትም ሳይኖር ምልክቱ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን አዲስ ጥቃት ሊሆን ስለሚችል ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ።