የጆሃንስበርጉን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የጥበብ ስብስብ ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጆሃንስበርግ የሚኖር ሐበሻ እንግዳ ሲመጣበት የሚያደርገው የታወቀ ነው። ጄፒ ጎዳና ወስዶ ይጋብዘዋል፣ የአገር ልጆችን ሱቅ ያሳየዋል፣ እሑድ ሶዌቶ አድርሶ ይመልሰዋል። ከጄፒ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቆ፣ በብራምፎንቴይንና በሂልብሮ መካከል ባለው ኮረብታ ላይ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አለ። በውስጡም ከ400 በላይ የጥበብ ሥራዎችን የያዘ ስብስብ ይገኛል። ባለፉት ዓመታት ብዙ እንግዶችን ወደዚያ ወስጃለሁ፤ ከታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች እነርሱም ሠርተዋቸዋል፣ እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

«ፍርድ ቤት ነው» ብሎ ከደጅ መመለስ

«ፍርድ ቤት ደጅ አያድርስህ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ስለዚህ እንግዳው በሩ ላይ ሲደርስ እግሩ ይያዛል፤ «እኛ ጉዳይ የለንም፣ ምን ብለን እንገባለን?» ይላል። ጉዳይ አያስፈልግም። ቦርሳ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ይፈተሻል፣ ከዚያ ይገባል። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲከፈት ዋናው ሐሳብ ሰው ሳይፈራ የሚገባበት ፍርድ ቤት ይሁን የሚል ነበር። አዳራሹ የተሠራው በዛፍ ጥላ ሥር የሚካሄድ ዳኝነትን እንዲያስታውስ ተደርጎ ነው፤ ዓምዶቹ እንደ ዛፍ ግንድ ዘመም ዘመም ብለው ቆመዋል፣ ከላይ ከሽቦ የተሠሩ ቅጠል መሳይ መብራቶች ተንጠልጥለዋል። ሽማግሌ ከዋርካ ሥር ተቀምጦ ሲያስታርቅ አይቶ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያይ ይገባዋል።

የእስር ቤቱን ጉብኝትና የስብስቡን ጉብኝት እንደ አንድ መቁጠር

ኮረብታው ላይ ቀድሞ የነበሩት እስር ቤቶች ዛሬ ሙዚየም ናቸው፤ ትኬት ተቆርጦ፣ ከአስጎብኚ ጋር ይታያሉ። ብዙ ሰው ይህን ጨርሶ «አየሁ» ብሎ ይሄዳል። የጥበብ ስብስቡ ግን ፍርድ ቤቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ይደውሉና ጉብኝቱ የፍርድ ቤቱን ሥዕሎችና ቅርጻ ቅርጾች ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ። ችሎት በሚኖርበት ቀን ከሄዱ የችሎቱን ክፍል እየተዘዋወሩ ማየት አይችሉም፤ ተቀምጠው ክርክሩን መከታተል ግን ይችላሉ።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። እስር ቤቱን አስቀድሙ። የፍርድ ጊዜያቸውን የሚጠብቁ እስረኞች ይታጎሩበት የነበረው ሕንፃ ሲፈርስ ጡቡ አልተጣለም፤ የችሎቱ ክፍል ግድግዳና ከውጭ ያለው ረጅም ደረጃ ተሠርቶበታል። የእስር ክፍሉን ጠባብነት አይቶ የመጣ ሰው ያንን ቀይ ጡብ እንደ ተራ ግድግዳ አያልፈውም።

«ማንዴላ 27 ዓመት የታሰሩት እዚህ ነው» ማለት

አይደለም። ከዚያ እስር አብዛኛውን ያሳለፉት ሮበን ደሴት ነው። እዚህ ኮረብታ ላይ የታሰሩት ፍርድ ሲጠብቁ ነበር። ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ግን ይኸው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው አገራቸው ከገቡ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ፤ ኦልድ ፎርት ወደሚባለው ወደዚህ እስር ቤትም ተወሰዱ።

ሥዕል ፍለጋ ሕንፃውን መዝለል

ይህ የሁላችንም ስህተት ነው። «ሥዕሎቹ የት ናቸው?» እያልን የመጀመሪያውን ሥራ በእጃችን ገፍተን እናልፋለን። በሩን ማለቴ ነው። ከእንጨት የተሠራው ረጅም በር ላይ በሕገ መንግሥቱ የሠፈሩት 27 መብቶች ተቀርጸውበታል። አጠገቡ ቆም ይበሉ።

ችሎቱ ክፍል ሲገቡ ደግሞ የዳኞቹን ረጅም ጠረጴዛ ይመልከቱ። ፊቱ በከብት ቆዳ የተለበጠ ነው፤ ለ11 ዳኞች 11 ቦታ። አንዱ ቆዳ ቡሬ ነው፣ አንዱ ዳልቻ፣ ሌላው ቀይ ጣል ጣል ያለበት፤ አንዱም ከሌላው አይመሳሰልም። አንድ ከገጠር የመጡ አባት እያንዳንዱን በየመልኩ ስም እየጠሩ ከዳር እስከ ዳር ሲሄዱ አስጎብኚው ገለጻውን አቁሞ ያዳምጣቸው ጀመር። ጥሩ አስጎብኚ እንዲህ ነው።

ከዳኞቹ መቀመጫ በስተጀርባ ከፍ ብሎ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ቀጭን መስኮት አለ። ከውስጥ ሆነው ሲያዩ የሚታየው የመንገደኛው እግር ነው። ዳኛው ከራሱ በላይ ሕዝብ እንደሚመላለስ እንዳይረሳ ነው ይባላል። ይህን አስጎብኚው ካልነገረዎት ይጠይቁት።

ዝነኛ ስሞችን ብቻ ማሳደድ

ደቡብ አፍሪካውያኑ ሠዓልያን ዊልያም ኬንትሪጅም፣ ጄራርድ ሴኮቶም በስብስቡ አሉ፤ ስማቸውን የሚያውቅ ጎብኚ ቀጥ ብሎ ወደ እነርሱ ይሄዳል። እኔ ግን እንግዳዬን መጀመሪያ የማቆመው ከጆሴፍ ንድሎቩ የሽመና ሥራ ፊት ነው። ፍርድ ቤቱ ሲቋቋም ለማስዋቢያ የተመደበው ገንዘብ 10,000 ራንድ ብቻ ነበር። ጉዳዩ የተሰጣቸው ዳኛ አልቢ ሳክስና ዳኛ ኢቮን ሞክጎሮ ገንዘቡን ለመጋረጃና ለአበባ ማስቀመጫ አልበተኑትም፤ ይህን አንድ ሥራ ገዙበት። ከዚያ በኋላ ስብስቡ ያደገው በአብዛኛው በስጦታ ነው፤ ሠዓልያን ሥራቸውን ሰጡ፣ ወዳጆች ገዝተው አበረከቱ። ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1988 ማፑቶ ውስጥ መኪናቸው ላይ በተጠመደ ቦምብ ቀኝ እጃቸውንና የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሰው ናቸው። ያ ሰው ለፍርድ ቤት ግድግዳ ሥዕል ሲለምን መኖሩ እኔን ዛሬም ያስደንቀኛል።

ሰማያዊውን ቀሚስ ሳያዩ ታሪኩን መስማት

ይህን ስህተት ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ እንግዳዬ እንዲገባው ከመጓጓቴ የተነሳ ገና ከሩቅ ሁሉን እናገር ነበር። አሁን ዝም እላለሁ።

ባለፈው የጓደኛዬን እናት ወስጃቸው ነበር። ቀረብ ብለው ቆሙና «ልጄ፣ ይህ ፌስታል ነው እንዴ?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ፌስታል ነው።» ተቀዶ የተሰፋ ሰማያዊ ፌስታል፣ ከታች ወደ ጫፉ ጽሑፍ የተጻፈበት የሴት ቀሚስ። ጠጋ ብለው ስፌቱን አዩ፣ እጃቸውን ግን ወደ ኋላ አድርገው ነበር። ከዚያ በኋላ ነገርኳቸው።

ፊላ ንድዋንድዌ የነጻነት ታጋይ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1988 የአፓርታይድ የጸጥታ ፖሊሶች ከስዋዚላንድ አፍነው ወሰዷት፣ ራቁቷን አስቀምጠው መረመሯት፣ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ገደሏት። ከዓመታት በኋላ ገዳዮቿ በእውነትና እርቅ ኮሚሽን ፊት ተናዝዘው አፅሟ ሲወጣ ወገቧ ላይ ሰማያዊ ፌስታል ተገኘ። ኀፍረቷን የሸፈነችበት ነበር። ጁዲት ሜሰን የተባለችው ሠዓሊ ይህን በሬዲዮ ሰማችና በፌስታል ቀሚስ ሰፋችላት። ሥራው ከሁለት ሥዕሎች ጋር አንድ ላይ የሚታይ ሲሆን ርእሱም «የዘመረው ሰውዬና ዝም ያለችው ሴት» እንደ ማለት ነው፤ ዘማሪው ሊገድሉት ሲሉ መዝሙር የዘመረ ሌላ ታጋይ ነው።

እማማ ምንም አላሉም። ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ቤት አዘቀዘቁት።

ለሚያስተረጉሙ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። አስጎብኚው እየተናገረ ቃል በቃል ጆሮ ሥር ማንሾካሾክ የሁሉንም ልብ ይበትናል፤ አንዱን ታሪክ ይጨርስ፣ ከዚያ ሰብሰብ አድርገው ይንገሩ። ፎቶ ማንሳት የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ፍላሽ ያጥፉ፣ አይንኩ። ፌስታል ከሸራ ይልቅ ቶሎ የሚያረጅ ነገር ነው፣ ያንን ቀሚስ ጠብቆ ማቆየት ትልቅ ሥራ ነው።

ከቀሚሱ በቀጥታ ወደ መኪና መሄድ

ልብ ሲከብድ ቶሎ መውጣት ያምራል። አይውጡ። ችሎቱ ክፍል ይመለሱና በሕዝብ መቀመጫ ጥቂት ይቀመጡ። እማማን እንዲሁ አስቀመጥኳቸው። ግራ ቀኝ ሲያዩ ቆዩና «ሞት የሚፈረድበት ሰው የሚቆመው የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የወንጀል ተከሳሽ የሚቆምበት ቦታ እዚህ እንደሌለ፣ ይህ ፍርድ ቤት ችሎት መቀመጥ በጀመረበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ የሞት ቅጣት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ እንደሻረው ነገርኳቸው።

«እዚሁ ተቀምጠው?»

«ያኔ ይህ ሕንፃ ገና አልተሠራም ነበር፣ እማማ። ፍርዱን የሰጡት ግን የዚሁ ፍርድ ቤት ዳኞች ናቸው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ በቀጭኑ መስኮት የሚያልፉትን እግሮች ይመለከቱ ጀመር።