የውጭ ተማሪና የዩኒቨርሲቲ ደረጃ፦ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ በወጣ ማግስት ያው ስብሰባ ይጠራል። ያው ሰው ይነሳና «የውጭ ተማሪ እናብዛ፣ ደረጃችን ከፍ ይላል» ይላል። ለደረጃ አውጪዎች የሚላክ መረጃ በማጠናቀር ዓመታት አሳልፌያለሁ። ይህችን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። በየዓመቱ ደረጃ ከሚያወጡት አንዱ በሆነው በኪውኤስ ሰንጠረዥ የውጭ ተማሪዎች ድርሻ የሚይዘው ከጠቅላላው ውጤት 5 በመቶ ነው። በሌላው ደረጃ አውጪ በታይምስ ሃየር ኢዱኬሽን ደግሞ 2.5 በመቶ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለፍቶ ለፍቶ የዚህን መለኪያ ውጤት ከ40 ወደ 60 አደረሰው እንበል። በኪውኤስ ጠቅላላ ውጤቱ ላይ የሚጨመርለት 1 ነጥብ ነው። በታይምስ ግማሽ ነጥብ። አሁን ሌላውን ጎን እዩት። ተማሪ ጨምራችሁ መምህር ካልጨመራችሁ የመምህርና የተማሪ ምጣኔ ይበላሻል። ያ መለኪያ በኪውኤስ 10 በመቶ ይይዛል። እሱ ላይ 10 ነጥብ ከወረዳችሁ ያቺ የለፋችሁባት 1 ነጥብ ሄደች። ላብራቶሪው ተጨናንቋል፣ አማካሪው መምህር ቀጠሮ መስጠት አቅቶታል፣ ሰንጠረዡ ላይ ደግሞ ያው የድሮ ቦታችሁ ናችሁ። እሱም ሌሎቹ ዝም ብለው ከጠበቋችሁ ነው! ደረጃ ውድድር ነው፤ እናንተ ስትሮጡ እነሱም ይሮጣሉ። ይሄን ሁሉ አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አሳይቻለሁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በዓመቱ ያው ሰው ተነሳና ያንኑ ደገመው።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉንም ሰንጠረዥ አንድ አድርጎ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከቻይና የሚወጣው የሻንጋይ ደረጃ ለውጭ ተማሪ ቁጥር አንዲት ነጥብ አይሰጥም። እሱ የሚቆጥረው የኖቤልና የፊልድስ (የሒሳብ ሽልማት) ተሸላሚዎችን፣ በብዛት የሚጠቀሱ ተመራማሪዎችንና የጥናት ጽሑፎችን ነው። ስለዚህ «ደረጃ» ብላችሁ ስትጽፉ የማን ደረጃ እንደሆነ ጻፉ። በቃ።

«የውጭ ተማሪ» ማን ነው የሚለው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ዩኔስኮ የሚቆጥረው ለመማር ብሎ ድንበር የተሻገረውን ነው። ደረጃ አውጪዎቹ ግን በአብዛኛው ዜግነት ያያሉ። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ አብዛኛው ነዋሪ የውጭ ዜጋ ነው። እዚያው የተወለደ፣ እዚያው ትምህርት ቤት የተማረ፣ ከቤቱ በአውቶቡስ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ልጅ በዜግነት ሲቆጠር «ዓለም አቀፍ ተማሪ» ሊባል ይችላል። ጀርመኖች ይሄ ግራ ስላጋባቸው ለሁለቱ የተለያየ ስም አላቸው፤ እዚያው ጀርመን ተምሮ ዩኒቨርሲቲ የገባው የውጭ ዜጋ ለብቻ፣ ከውጭ ተምሮ የመጣው ለብቻ ይቆጠራል። የሁለት አገር ዩኒቨርሲቲዎችን መቶኛ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄኛው የበለጠ ዓለም አቀፍ ነው» ከማለት በፊት ይሄን ማጣራት ነው።

እኔም ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ሥራዬ ላይ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ የመጡትን የልውውጥ ተማሪዎች ሳይቀር ጨምሬ ላክሁ። የተጠየቅሁት ደግሞ በሙሉ ጊዜ ተማሪ ስሌት ነበር፤ በግማሽ ጊዜ የሚማሩ ሁለት ሰዎች እንደ አንድ የሚቆጠሩበት ማለት ነው። እኔ የላክሁት የሰው ራስ ቆጥሬ። «ቁጥሩ ካምናው እንዲህ የዘለለው ለምንድን ነው?» የሚል ኢሜይል ሲመጣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላሁም። ጀማሪ እዚህ ላይ ሲሳሳት የማልቆጣው ለዚህ ነው።

መንስኤና ውጤትን ማገላበጥም አለ። «ከላይ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ የውጭ ተማሪ አላቸው፤ ስለዚህ የውጭ ተማሪ ከላይ ያወጣል» ይባላል። በለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ የመጡት ከውጭ ነው። በውጭ ተማሪ ድርሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይሰለፍ ነበር። ተማሪው የሚመጣው ደረጃውን አይቶ ነው። መንግሥታትም ያያሉ። ብሪታንያ በ2022 ለተመራቂዎች የከፈተችው ልዩ ቪዛ ሲጀመር የሚሰጠው፣ ከሦስቱ ታላላቅ ሰንጠረዦች ቢያንስ በሁለቱ ከ50ዎቹ ውስጥ ካለ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ለተመረቀ ሰው ነበር። ደረጃ ተማሪ ያመጣል፣ ተማሪው ትንሽ ነጥብ ያመጣል፣ ነጥቡ ተመልሶ ተማሪ ያመጣል። የሚሽከረከር ነገር ነው፤ ከየት ጀመረ ብሎ መጠየቅ ግን የተመራማሪው ግዴታ ነው።

ታዲያ የውጭ ተማሪ ደረጃ ላይ ለውጥ አያመጣም ወይ? ያመጣል፤ ግን ሰው በማያይበት በር ገብቶ። የዶክትሬት ተማሪው ላብራቶሪ ውስጥ ያድራል፣ ጽሑፍ ያወጣል፣ ጽሑፉ ይጠቀሳል። በታይምስ ይሄ የሚቆጠርበት የምርምር ጥራት መለኪያ 30 በመቶ ነው። ተመርቆ አገሩ ሲገባ ከቀድሞ አማካሪው ጋር አብሮ መጻፉን ይቀጥላል፤ እሱም በዓለም አቀፍ ትብብር ይቆጠራል። ከዓመታት በኋላ ፕሮፌሰር ወይም ቀጣሪ ይሆንና ደረጃ አውጪዎቹ «የትኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይሻላሉ?» ብለው የሚልኩት የዝና መጠይቅ ይደርሰዋል። በኪውኤስ የምሁራን አስተያየት 30 በመቶ፣ የቀጣሪዎች 15 በመቶ ነው። ከ5 በመቶዋ ጋር አወዳድሩት። ችግሩ ይሄኛው ለመምጣት አሥር ዓመት ይፈጃል፤ የሥራ አመራር ዘመን ደግሞ ከዚያ ያጥራል።

አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ያለ ተማሪ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱ ተጓቶበት ወራት ሲንከራተት ከዩኒቨርሲቲው ቢሮ መልስ የሰጠው አልነበረም። ዛሬ በአገሩ ትልቅ መምህር ነው። መጠይቁ ሲደርስህ የማንን ስም ትጽፋለህ ብዬ በቀልድ ጠየቅሁት። ሳቀ ብቻ።

«የውጭ ተማሪ ማለት ገንዘብ ማለት ነው» የሚለውም በየቦታው አይሠራም። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ ተማሪም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። በሚሠራበት አገር ደግሞ አደጋ አለው። ካናዳ በጥር 2024 አዲስ የትምህርት ፈቃድ ላይ ገደብ ጣለች፤ ከዓመቱ በፊት ከነበረው በ35 በመቶ ገደማ እንዲቀንስ። በውጭ ተማሪ ክፍያ የቆሙ ኮሌጆች ፕሮግራም መዝጋትና ሠራተኛ መቀነስ ጀመሩ። በጀታችሁን ሌላ ሰው በሚፈርመው ወረቀት ላይ አትሥሩ።

ከአንድ አገር ብቻ ተማሪ ሰብስቦ «ስብጥራችን ድንቅ ነው» ማለትም ይቅር።

መጨረሻ ላይ፣ አሮጌ ሰነድ ይዛችሁ አትከራከሩ። ኪውኤስ በ2024 እትሙ ክብደቶቹን ቀይሯል። የምሁራን አስተያየት ከ40 ወደ 30፣ የመምህርና የተማሪ ምጣኔ ከ20 ወደ 10 ወርዷል። ዛሬም 20 በመቶ የሚል ስላይድ በየስብሰባው ሲታይ አያለሁ። አንዱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከማን ከማን ኮምፒውተር እንደማጠፋው ግራ ገብቶኛል።