አሰልጣኙ ተባረረ፤ ክለባችሁ ከዚህ በኋላ ወዴት ይሄዳል?

የክለባችሁ አሰልጣኝ በተባረረ ቀን ስልካችሁን አስቀምጡና እስክሪብቶ አንሱ። እኔ አዳማ ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት አለኝ። አሰልጣኝ ሲባረር ሰው ምን እንደሚሆን በደንብ አውቃለሁ። ግማሹ «ተገላገልን» ይላል። ግማሹ «አለቀልን» ይላል። አንዱ ደግሞ የቤቲንግ ቲኬቱን እያወዛወዘ «ቅዳሜ እንበላለን አይደል?» ይለኛል። ከሁሉም ጋር ስጨቃጨቅ ከመዋል ደብተር መያዝ ይሻላል ብዬ ጀመርኩ። እዚያ ላይ ምን እንደምጽፍና እንዴት እንደማነበው ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ምሳሌው ማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) ላይ ከበዛ ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ እነሱ ናቸው በየጊዜው የሚያባርሩት።

መጀመሪያ አሰልጣኙ በተባረረበት ቀን ቡድኑ የት እንደነበረ ጻፉ። ደረጃ፣ ነጥብ፣ የተጫወተው ጨዋታ፣ ያገባውና የገባበት። አንድ መስመር ይበቃል። ይህችን መስመር ካልያዛችሁ ከሦስት ወር በኋላ ሁሉም የራሱን ታሪክ ያወራል። «ያኔ እኮ ልንወርድ ነበር» የሚል አይጠፋም። ሞሪንሆ ዲሴምበር 18 ቀን 2018 ሲባረር ማንቼ በ17 ጨዋታ 26 ነጥብ ይዞ 6ኛ ነበር። 29 አግብቶ 29 ገብቶበታል። ይህችን ያዙልኝ።

ቀጥሎ መርሐ ግብሩን አውጡ። የሚቀጥሉትን 6 ጨዋታዎች ብቻ። ከማን ጋር ነው? ሜዳው የማን ነው? ተጋጣሚው ሰንጠረዡ ላይ የት አለ? ይህንን አዲሱ አሰልጣኝ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ጨርሱት። ስሙን ከሰማችሁ በኋላ ዓይናችሁ ማድላቱ አይቀርም።

ለምን እንደምለፋበት፣ ሞሪንሆን የተካውን የሶልሻየርን ገጽ ላሳያችሁ። የመጀመሪያ ጨዋታው ከካርዲፍ፣ 5 ለ 1። ሁለተኛው ከሀደርስፊልድ፣ 3 ለ 1። ከዚያ ቦርንመዝ፣ 4 ለ 1። ከዚያ ኒውካስል፣ 2 ለ 0። የኤፍ ኤ ካፕን ጨምሮ የመጀመሪያዎቹን 8 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ማርች ላይ ፓሪስ ድረስ ሄዶ ፒኤስጂን 3 ለ 1 ረታና ከቻምፒየንስ ሊግ አስወጣው። የዚያን ቀን ማታ ቤቴ ውስጥ መቆሚያ እንኳ አልነበረም። ክለቡም አላስቻለውም፤ ማርች 28 ቀን 2019 የ3 ዓመት ቋሚ ኮንትራት አስፈረመው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ከፈረመ በኋላ በቀሩት 10 ጨዋታዎች ያሸነፈው 2 ብቻ ነው፤ 6ቱን ተሸነፈ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ተጋጣሚዎች እነማን መሰሏችሁ? ሀደርስፊልድና ካርዲፍ። ዲሴምበር ላይ በሁለቱ ላይ 8 ግብ ተቆጥሮ ነበር። አሁን ሁለቱም መውረዳቸው ተረጋግጧል፣ የሚጫወቱለት ነገር የላቸውም። ከሀደርስፊልድ ጋር 1 ለ 1። ካርዲፍ ደግሞ ኦልድ ትራፎርድ መጥቶ 2 ለ 0 አሸነፈ።

ማንቼ በመጨረሻ ስንተኛ ወጣ? 6ኛ። ሞሪንሆ የተወበት ቦታ ላይ።

ስለዚህ «8 ተከታታይ አሸነፈ» ሲሏችሁ አትፈንጥዙ፣ «ከ10 ውስጥ 6 ተሸነፈ» ሲሏችሁም አትውደቁ። ነጥቡን ለጨዋታው ብዛት አካፍሉት። ሞሪንሆ በ17 ጨዋታ 26፤ በጨዋታ 1.5 ገደማ። ሶልሻየር በ21 ጨዋታ 40፤ በጨዋታ 1.9 ገደማ። መሻሻል አለ፣ ግን ጃንዋሪ ላይ ሲወራ የነበረውን ያህል አይደለም። በቀጣዮቹ ሁለት የውድድር ዘመናት 3ኛና 2ኛ መውጣቱም ከዚህች ቁጥር ጋር ይሄዳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሶልሻየር ላይ የተያዘበት ሙድ ከልክ በላይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ልጥቀስ፣ ምክንያቱም ደንበኞቼ በጣም የሚናደዱበት እሱ ነው። ባስ ቴር ዊል የሚባል ሆላንዳዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ ከ1986 እስከ 2004 ያለውን የሆላንድ ሊግ መረመረ። አሰልጣኝ ያባረሩትን ክለቦች ብቻ አላየም። በተመሳሳይ ሽንፈት ውስጥ ሆነው አሰልጣኛቸውን ያቆዩትንም ጎን ለጎን አስቀመጠ። ያባረሩት አገገሙ። ያላባረሩትም በተመሳሳይ አገገሙ። ነገሩ ሲታሰብ ከባድ አይደለም። አሰልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ከአቅሙ በታች ሲወርድ ነው። አጥቂው ይስታል፣ ኳሱ ብረት ይመታል፣ ሁለት ተከላካይ ይጎዳል። ይህ ሁሉ በጊዜው ወደ ቦታው ይመለሳል። ምስጋናውን የሚወስደው ግን በዚያን ሰዓት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

ጊዜያዊ አሰልጣኝ ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ኦክቶበር 2024 ማንቼ ቴን ሃግን ሲያባርር ረዳቱ ቫን ኒስትሮይ በጊዜያዊነት 4 ጨዋታ መራ። ሦስቱን አሸነፈ፣ አንዱን አቻ ወጣ። ቤቴ ውስጥ «ይህ ሰውዬ ይቆይልን» ያላለ የማንቼ ደጋፊ አልነበረም። ደብተሩን ስገልጥ ግን ካሸነፋቸው ሦስት ጨዋታዎች ሁለቱ ከሌስተር ጋር ናቸው፣ ሁለቱም በሜዳው። 5 ለ 2 እና 3 ለ 0። የሚገርመው ይህንን በዓይኑ ያየው ሌስተር ራሱ ብዙም ሳይቆይ አሰልጣኙን አባረረና ሰውዬውን ቀጠረው! የመጀመሪያ ጨዋታውን ዌስትሃምን 3 ለ 1 አሸነፈ። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ሌስተር በ25 ነጥብ 18ኛ ሆኖ ወረደ። ያሸነፋችሁን ሰው መቅጠር ቀላል ነው፤ ሲያሸንፋችሁ የነበሩትን ተጫዋቾች ግን ይዟቸው አይመጣም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። አዲሱ አሰልጣኝ ሲታወቅ የሚወደውን አሰላለፍ ወረቀት ላይ ሣሉ። 11 ቦታ። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ክለቡ አሁን ካሉት ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ስም ጻፉ። ስም ያጣችሁለት ቦታ ካለ ክበቡት። የተከበበው ቦታ ከሁለት ከበለጠ ይህ ዓመት አልቋል፣ ለሚቀጥለው ተዘጋጁ።

ከቴን ሃግ በኋላ ማንቼን በያዘው በአሞሪም ሞክሩት። ከስፖርቲንግ ይዞት የመጣው 3-4-3 ነው፤ ሦስት ተከላካይ፣ አራት መሀል፣ ሦስት ፊት። ይህ አሰላለፍ መስመሩን ሙሉ ለሙሉ ከላይ እስከ ታች የሚሮጡ ሁለት ሰዎች ይፈልጋል። የቴን ሃግ ቡድን ደግሞ የተገዛው በአራት ተከላካይ ለመጫወት ነው፤ ፊት ላይ የክንፍ አጥቂ ሞልቶታል። እኔ ወረቀቱን ስሠራ የግራ መስመሩ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ጤነኛ ስም ጠፋ። ጃንዋሪ ላይ ዶርጉን ከሌቼ የገዙት ለዚህ ነው። ራሽፎርድ ወደ አስቶን ቪላ፣ አንቶኒ ወደ ቤቲስ በውሰት ሄዱ። ቴን ሃግ ቡድኑን 14ኛ ላይ ትቶት ነበር። በአሞሪም ሥር በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ የዩሮፓ ሊጉንም ፍጻሜ በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሰውዬው ቀሽም ነው አልልም። ኖቬምበር ላይ ሰፈሩን ሳያፈርስ አዲስ ቤት ሥራ ተባለ።

ቱሼልን ግን ተመልከቱ። ጃንዋሪ 2021 ቼልሲ ላምፓርድን አባሮ ቱሼልን ሲያመጣ ቡድኑ 9ኛ ነበር። ቱሼልም በሦስት ተከላካይ ነው የገባው። ወረቀቱ ላይ ስትጽፉ ግን ሁሉም ቦታ ይሞላል። አዝፒሊኩዌታ፣ ቲያጎ ሲልቫ፣ ሩዲገር፣ ክሪስቴንሰን። በቀኝ ሪስ ጄምስ። በግራ ቺልዌልና አሎንሶ። ካንቴ፣ ጆርጂኒዮ፣ ኮቫቺች። በፊተኛው ክረምት ለነሃቨርትዝና ለነቨርነር ገንዘቡ ቀድሞ ፈስሷል። የጎደለው የሚያደራጀው ሰው ነበር። የመጀመሪያዎቹን 14 ጨዋታዎች ሳይሸነፍ ሄደ፣ ሊጉን 4ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ሜይ 29 ፖርቶ ላይ ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ ቻምፒየንስ ሊግን አነሳ። ሁለቱም አሰልጣኞች ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ነው የመጡት፣ ሁለቱም በሦስት ተከላካይ ተጫወቱ። የለያቸው ያገኙት የስም ዝርዝር ነው።

ከዚያ ዓይናችሁን ከሜዳው አንሱና ቢሮውን እዩ። ተጫዋች የሚገዛው ማን ነው? አሰልጣኙ ሲሄድ ገዢው አብሮ ይሄዳል ወይስ ይቆያል? ማንቼ የቴን ሃግን ኮንትራት ጁላይ 2024 አራዘመ፣ በዚያው ኦክቶበር አባረረው። እሱንና ረዳቶቹን ለማሰናበት 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ። በአራት ወር ውስጥ ሐሳቡን የሚቀይር ቢሮ አዲሱንም አሰልጣኝ እንደዚያው ያያል ብላችሁ ጠብቁ።

አርሴ (አርሴናል) ጋ ሌላ ነው። አሰልጣኙ አርቴታ ዲሴምበር 2019 ተቀጠረ፤ በዓመቱ ዲሴምበር ቡድኑ 15ኛ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ተከታትሎ 8ኛ ወጣ። ቤቴ ውስጥ የአርሴ ደጋፊ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ይቀመጥ ነበር። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። የዝውውር ዝርዝሩን ያየ ግን አይቆርጥም። በ2021 ክረምት የገቡት ኋይት፣ ኦዴጋርድ፣ ራምስዴል፣ ቶሚያሱ፣ ሎኮንጋ፣ ታቫሬስ ናቸው። ሁሉም 23 ዓመትና ከዚያ በታች። በዚያ ዕድሜ ስድስት ተጫዋች አንድ ላይ የሚገዛ ክለብ አሰልጣኙን በሚቀጥለው ወር ለማባረር አላሰበም። እናንተም አዲስ አሰልጣኝ በመጣ የመጀመሪያው የዝውውር መስኮት የገቡትን ዕድሜ ጻፉ። 30 ያለፋቸው ከበዙ ክለቡ ቸኩሏል ማለት ነው።

ክለባችሁ ላለመውረድ የሚታገል ከሆነ ይህ ሁሉ ፍልስፍና አያስፈልጋችሁም። «ላለመውረድ 40 ነጥብ ያስፈልጋል» የሚባለውን እርሱት። በ2023-24 ኖቲንግሃም ፎረስት በ32 ነጥብ ተርፏል። ከፊት ያለውን ቡድን ነጥብ ብቻ ተከተሉ። አንድ ነገር ግን ፈልጉ፦ ከተጠባባቂ ወንበር የተነሳ ስም። ጃንዋሪ 2023 ኤቨርተን ላምፓርድን አባሮ ዳይችን ሲያመጣ፣ ዱኩሬ ወንበር ማሞቅ ሥራው ሆኖ ነበር። ዳይች በመጀመሪያ ጨዋታው አሰለፈውና አርሴናልን 1 ለ 0 አሸነፉ። በመጨረሻው ቀን ቦርንመዝ ላይ አግብቶ ኤቨርተንን ያተረፈውም ራሱ ዱኩሬ ነው። አዲስ አሰልጣኝ ያንኑ 11 ሰው ብቻ ካሰለፈ፣ የተለወጠው ጃኬት ለብሶ መስመር ላይ የሚጮኸው ሰው ብቻ ነው።

ከ10 ጨዋታ በኋላ ወደ መጀመሪያዋ መስመር ተመለሱ። ነጥቡን አካፍሉ። የገባበትን ግብ አነጻጽሩ። እኔ ካገባው ይልቅ የገባበትን አምናለሁ፤ አንድ አጥቂ በጥሩ ወቅቱ ብዙ ነገር ይሸፍናል፣ መከላከል ግን በአንድ ሰው አይሸፈንም።

የተባረረውን ሰውዬ ስምም አትሰርዙት። ገጹ ጥግ ላይ ጻፉትና ቀጥሎ የሚቀጥረውን ክለብ ጠብቁ። አርሴናል ኡናይ ኤምሬን ኖቬምበር 2019 ሲያባርር በእንግሊዝኛው ሁሉ ይቀለድበት ነበር። በ2022 ከወራጅ ቀጠናው በላይ የተንጠለጠለውን አስቶን ቪላ ተረከበ። የመጀመሪያ ጨዋታው ማንቼን 3 ለ 1 ማሸነፍ ነበር፤ ቪላ ማንቼን በሜዳው በሊጉ ካሸነፈ ከ1995 ወዲህ የመጀመሪያው። በዚያው ዓመት 7ኛ፣ በቀጣዩ 4ኛ ወጣና ወደ ቻምፒየንስ ሊግ ገባ። ተባራሪው በሌላ ቤት ካማረበት፣ የቀድሞ ክለቡን ገጽ እንደገና ክፈቱና የተከበበ ቦታ ፈልጉበት።