ኬሞቴራፒ የሌለበት የደም ካንሰር መድኃኒት ጥናት ውስጥ ለሚገባ ታካሚ

ሥር በሰደደ የሊምፎሳይት (የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ደም ካንሰር የታመመ ሰው፣ ቬኔቶክላክስ የተባለውን ክኒን በደም ሥር ከሚሰጠው ከኦቢኑቱዙማብ ጋር በሚያጣምር ጥናት እንዲሳተፍ ሲጠየቅ፣ ከመፈረሙ በፊት ጥናቱ ሲያበቃ መድኃኒቱን ማን እንደሚያቀርብለት ይጠይቅ።

ቬኔቶክላክስ በ20 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ ወደ 50፣ 100፣ 200፣ በመጨረሻም ወደ 400 የሚያድገው፣ የካንሰር ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ሲፈርሱ ፖታሲየምና ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ተከማችተው ልብንና ኩላሊትን እንዳይጎዱ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክኒን ሁለት ቀን አስቀድሞ በየቀኑ ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ውሃ ይጠጣል፤ ክኒኑም ከምግብ ጋር ስለሚዋጥ ጿሚ ታካሚ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። የመጀመሪያው ክኒን ከመወሰዱ በፊት፣ ከተወሰደ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት በኋላና በማግስቱ ደም ስለሚመረመር፣ ከሱሉልታ ወይም ከለገጣፎ የሚመላለስ ሰው ያን ሌሊት ሆስፒታሉ አጠገብ ዘመድ ቤት ቢያድር ይሻላል፤ የማለዳ የታክሲ ሰልፍ የላቦራቶሪ ቀጠሮ አያውቅም።