ቁንጣን ሳይቀድም ጥጋብ እንዲደርስ፦ የአንጀት ሆርሞኖችን ሥራ አውቆ የመብላት መመሪያ

አብዛኞቻችን የሚርበን ሆዳችን ባዶ ሲሆን፣ የምንጠግበው ደግሞ ሲሞላ ነው ብለን እናምናለን። እምነቱ በከፊል ትክክል ነው፤ ጨጓራ ሲለጠጥ በነርቭ በኩል ለአንጎል መልእክት ይልካልና። ከዚህ የቀረው ሥራ ግን ከጨጓራና ከአንጀት ግድግዳ ወደ ደም የሚለቀቁ ሆርሞኖች ድርሻ ሲሆን፣ እነርሱም የራሳቸው ሰዓትና የራሳቸው ፍጥነት አላቸው። የረሃቡ መልእክት በለመደው ሰዓት ከተፍ ይላል፤ የጥጋቡ ግን ማዕዱ ከተጋመሰ፣ አንዳንዴም ከተነሣ በኋላ ይደርሳል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከረሃቡ እንጀምር። ግሬሊን የተባለውን ሆርሞን እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኙት ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራ የላይኛው ክፍል ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከምግብ በፊት ይጨምራል፣ ከተበላ በኋላ ይቀንሳል። ሃይፖታላመስ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ደርሶም የመብላት ፍላጎትን የሚቀሰቅሱ ነርቮችን ያነቃል። ለአንባቢ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ምግብ ባልቀመሱ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ግሬሊን በተለመዱት የምግብ ሰዓቶች ከፍ ካለ በኋላ አንዳች ነገር ሳይበላ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ወርዷል። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት 6 ሰዓት ላይ ረሃቡ ይሞረሙረዋል፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ነገሩ ለዘብ ይላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የምግብ ሰዓትን ማጽናት ነው። አንድ ቀን ቁርስ በልቶ አንድ ቀን መተው፣ ራትን አንዴ 1 ሰዓት አንዴ 4 ሰዓት ማድረግ፣ ግሬሊንን መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ እንግዳ ያደርገዋል። ከሰዓቱ ውጭ ረሃብ ሲመጣ ወዲያው ወደ ብስኩት ከመሄድ ይልቅ ውኃ ጠጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ ይሻላል፤ ማዕበሉ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ይህ ምክር ግን ኢንሱሊን ለሚወጉ ወይም የስኳር መጠን የሚያወርድ ኪኒን ለሚወስዱ ሰዎች አይሆንም። እነርሱን ድንገት ሲርባቸው፣ ሲያልባቸውና እጃቸው ሲንቀጠቀጥ የደም ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ጣፋጭ ነገር ሳይዘገዩ መውሰድ አለባቸው።

ወደ ጥጋቡ ስንመጣ መልእክተኞቹ ይበዛሉ። ቀድሞ የሚደርሰው ኮሌሲስቶካይኒን ነው። ቅባትና ፕሮቲን ከጨጓራ ወጥተው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ሲደርሱ ይለቀቃል፤ የሐሞት ከረጢትን ያኮማትራል፣ ጨጓራ ምግቡን ቀስ ብሎ እንዲለቅ ያደርጋል፣ ቬገስ በተባለው ረጅም ነርቭ በኩልም «ይበቃል» የሚል ምልክት ወደ አንጎል ይልካል። የሚበላውን መጠን መቀነስ መቻሉ በአይጦች ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ቀጥለው የሚመጡት፣ በዋናነት ከታችኛው የአንጀት ክፍል የሚለቀቁት ፔፕታይድ ዋይዋይና ጂኤልፒ-1 ናቸው። ሁለተኛው የምግብ ፍላጎትን ከመግታቱም በላይ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያግዛል፤ ሆኖም ሰውነታችን የሠራው ጂኤልፒ-1 በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ግማሹ ይፈርሳል። ስለዚህ እንዲቆይ ከተፈለገ አንጀት እየደጋገመ እንዲለቀው የሚያደርግ ምግብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ፍጥነት ወሳኝ ይሆናል። ቀስ ብሎ የመብላትን ምክር ከመስጠቴ በፊት ራሴን በሰዓት ለክቼ ነበር። ተጋቢኖው ሸክላው ውስጥ መንተክተኩን ሳያቆም የጀመርኩትን ምሳ በ8 ደቂቃ ጨርሼ፣ ተጨማሪ እንጀራ አዝዤ፣ እርሱንም አገባድጄ፣ ቢሮ ከተመለስኩ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀበቶዬን አላላሁ። ተጨማሪውን ሳዝዝ በእርግጥ አልጠገብኩም ነበር፤ የመጥገቤ ወሬ ግን መንገድ ላይ ነበር። አቴንስ ውስጥ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ 17 ወንዶች እኩል መጠን ያለው አይስክሬም አንድ ጊዜ በ5 ደቂቃ፣ ሌላ ጊዜ በ30 ደቂቃ እንዲበሉ ተደርጎ ነበር። ቀስ ብለው በበሉ ጊዜ ፔፕታይድ ዋይዋይና ጂኤልፒ-1 በደማቸው ውስጥ በልጠው ተገኝተዋል።

በእጅ የሚበላ ሰው ይህን ለማድረግ ማንኪያ ከሚጠቀም ይልቅ ይመቸዋል ባይ ነኝ። እንጀራውን በሁለት ጣት ስፋት ብቻ ይቁረሱ፤ ወጡን ጠቅልለው ከጎረሱ በኋላ ቀጣዩን ጉርሻ ለማዘጋጀት አይቸኩሉ፣ እጅዎን ከትሪው ላይ ያንሡ። በአፍዎ ያለው ተላምጦ ሳይዋጥ እጅ ወደ ትሪው አይመለስ። ምሳውን ቢያንስ 20 ደቂቃ ለማድረስ ይሞክሩ። ተጨማሪ እንጀራ ከፈለጉም ከማዘዝዎ በፊት 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ በኋላም ከራብዎ ይጨምሩ፣ ያኔ ረሃቡ እውነተኛ ነው።

ከፍጥነት ቀጥሎ የሚመጣው በማዕዱ ላይ ያለው ነገር ነው። ፕሮቲን የጥጋብ ሆርሞኖችን ያበረታል፣ ግሬሊንንም ለረዘመ ጊዜ ያወርዳል። አሰር (ፋይበር) ደግሞ ሁለት ሥራ አለው፤ መጀመሪያ ምግቡን ያገዝፋል፣ ከዚያም ትልቁ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት የሚወጡት አጫጭር የስብ አሲዶች እነዚያኑ ሆርሞኖች የሚለቁትን ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ሁለቱንም አጣምረው ስለሚይዙ የጾም ወጥ ለጥጋብ የሚታማ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚታማው ትንሽ ወጥ ለብዙ እንጀራ ሲቀርብ ነው። መጠኑን ይገልብጡት፦ እንጀራውን አንድ እጅ ቀንሰው ምስሩንና ጎመኑን ይጨምሩ። ቁርስ ላይም ነጭ ዳቦ በሻይ ከአንጀት ጠብ ስለማይል፣ ፉል ወይም እንቁላል ቢታከልበት እስከ ምሳ ያደርሳል።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒውዮርክ ውስጥ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ባለባቸው ጥቂት ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ አትክልቱና ዶሮው ተበልቶ ዳቦውና ጭማቂው ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲከተል፣ በ60ኛው ደቂቃ የተለካው የደም ስኳር ዳቦው ከቀደመበት ጊዜ ከሲሶ በላይ ያነሰ ሆኗል። እንጀራና ወጥ አብረው በሚጎረሱበት ማዕድ ይህን እንዳለ መፈጸም አይቻልም፤ ነገር ግን ሰላጣውን፣ ቀይ ሥሩን ወይም ጎመኑን ለብቻው ጥቂት ጊዜ ቀምሶ ወደ እንጀራው መሻገር ከማንም ጋር አያጣላም።

የሚጠጣ ምግብ በአንጻሩ በቀላሉ ያታልላል። አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ውስጥ ያለው አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በሳህን ቢቀርብ ብዙ ሰው ተቀምጦ፣ አኝኮ የሚጨርሰው ነው፤ ተፈጭቶ ከስኳር ጋር ሲቀርብ ግን በሁለት ደቂቃ ያልቃል፣ ከምሳ በኋላም «መጠጥ ብቻ» ተብሎ ይታዘዛል። ጭማቂ ከወደዱ እንደ ምግብ ይቁጠሩት።

እንቅልፍን ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያያይዘው ጥቂት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት በቀን አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ፣ በቂ ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ግሬሊናቸው 28 በመቶ ጨምሯል፤ ከሰውነት ስብ የሚመነጨውና ጥጋብን የሚያግዘው ሌፕቲን 18 በመቶ ቀንሷል፤ የረሃብ ስሜታቸውም 24 በመቶ አድጓል። ሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወይም ሕፃን የምታስነሣ እናት በማግሥቱ ጣፋጭ ቢያምራቸው ጥፋቱን በሆዳምነት ላይ ማላከክ ተገቢ አይደለም። አስቀድሞ የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ቆሎ በአጠገብ ማስቀመጥ ራስን ከመቆጣት ይልቅ ይረዳል።

ክብደት ለመቀነስ የሚያስቡ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሰውነት በከባድ አመጋገብ ክብደት ሲቀንስ ግሬሊን ይጨምራል፣ የጥጋብ ሆርሞኖቹ ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ይህ ለውጥ ከዓመት በኋላም እንዳልተመለሰ አሳይቷል። ስለዚህ በአንድ ወር ብዙ ኪሎ ከመጣል ይልቅ በቀስታ መቀነስና ከላይ የተዘረዘሩትን ልማዶች ማጽናት ይመረጣል። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት መርፌዎች የተሠሩት ጂኤልፒ-1ን አስመስለው ነው፤ ልዩነቱ የተፈጥሮው ግማሹ በሁለት ደቂቃ ሲፈርስ የመድኃኒቱ ግማሽ ግን ለመፍረስ አንድ ሳምንት ያህል መውሰዱ ነው። ለብዙዎች ጠቅመዋል፤ ማቅለሽለሽና ማስታወክም ያመጣሉ፤ ሲቋረጡ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሻንጣ ተልኮ የመጣ መርፌ መውጋት ግን ፈጽሞ አልመክርም።

የቀረው ፈተና ግብዣ ነው፤ የጋባዧ «ብላ፣ ስሞት!» ከማንኛውም ሆርሞን ይበረታልና። ትሪው እንደቀረበ ትንሽ ትንሽ እየጎረሱ ጨዋታውን ይያዙ። ሰዎች ሁለተኛ ሲጨልፉ የእርስዎ የመጀመሪያው ድርሻ ገና በፊትዎ ይሁን፤ ባለቤቷ የምታየው ባዶውን ቦታ ነውና ወጥ ያለበትን አትሞላም። መጨረሻ ላይ የማይቀረውን ጉርሻ ከእጇ ሲቀበሉም፣ ለእርሱ የሚሆን ቦታ ሆድዎ ውስጥ ይተርፋል።